የሱቅ ሠራተኛው የደነዘዘ እጅ

ከግንብ ላይ ወድቆ እግሩ የተሰበረ ሠራተኛ ቢኖር ጉዳቱን ያየ ሰው ብዙ ነው፤ ቀኑም ሰዓቱም ይታወቃል። ካሳ ይገባዋል በማለት የሚፈርድለት አያጣም። ነገር ግን ደም የማይፈስበት፣ ምስክር የሌለው፣ ቀስ በቀስ የሚመጣ ሌላ ጉዳት አለ፤ ይኸውም የነርቭ ጉዳት ነው። ዛሬ ልንጽፍ ያሰብነው በሱቅ ተቀጥረው በሚሠሩ ወጣቶች ላይ ስለሚደርሰው ስለዚሁ ጉዳት ነው።

የከፋ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ቦንጋ ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከሆኑት ከተሞች አንዷ ናት። ቡናው፣ ማሩና ኮረሪማው ለገበያ በሚወጣበት ወራት ከጊምቦና ከዴቻ የሚመጣው ገበሬ ሸቀጡን ሸጦ ጨውና ሳሙና፣ ምስማርና ቆርቆሮ ሸምቶ ይመለሳል። ይህን ሁሉ የሚያወርደው፣ የሚመዝነውና የሚቋጥረው ማን ነው ብለን ብንጠይቅ መልሱ የሱቅ ሠራተኛው ነው።

እስቲ ከእነዚህ አንዱን በሐሳባችን እንከተለው። ጧት የስኳሩን ጆንያ በትከሻው ተሸክሞ ከመኪና ወደ መጋዘን ያስገባል። ቀኑን ሙሉ እያፈሰ ይመዝናል፤ ገመድ እየሳበ ይቋጥራል። ማታ ክርኑን በባንኮኒው ላይ አስደግፎ የዱቤ መዝገብ ይጽፋል። እንዲህ ሲኖር አንድ ሁለት ዓመት ያልፍና አውራ ጣቱና ሁለቱ ተከታዮቹ እየደነዘዙ ሌሊት ከእንቅልፉ ይቀሰቅሱት ይጀምራሉ፤ እጁን አራግፎ ተመልሶ ይተኛል። በኋላ ሳንቲም ከጣቶቹ መካከል ይወድቅበታል። ደንበኛው ቸልተኛ ነው ይለዋል፤ ባለሱቁም ሰነፈ ይላል። እርሱ ራሱ እንኳ ብርድ መስሎት ቅቤ ያስቀባዋል።

ሐኪሞች ግን ነገሩን ያውቁታል። በእጅ አንጓ ውስጥ በጠባብ መተላለፊያ የሚያልፍ ነርቭ አለ፤ አንጓው በኃይልና በድግግሞሽ ሲሠራ መተላለፊያው ያብጥና ነርቩን ይጨቁነዋል። ከአውራ ጣት እስከ ቀለበት ጣት እኩሌታ የሚደነዝዘው በዚህ ምክንያት ነው። ክርኑን ዘወትር በባንኮኒ ላይ የሚያስደግፍ ሰው ግን ትንሿ ጣቱ ትደነዝዝበታለች፤ ይህ ሌላ ነርቭ ነው። ከባድ ጆንያ በትከሻ መሸከምም ወደ ክንድ የሚወርዱትን ነርቮች ሊጎዳ ይችላል። እጅን ከአንጓው አጥፎ አንድ ደቂቃ ያህል ማቆየት ድንዛዜውን ያመጣው እንደ ሆነ ያለ ምንም መሣሪያ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። በእርግጥ ድንዛዜ ሁሉ ከሥራ የመጣ አይደለም፤ የስኳር በሽታም፣ የሥጋ ደዌም፣ እርግዝናም ያመጡታል። ሐኪሙ እነዚህን መለየት ይኖርበታል።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ኢጣልያዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ስለ ሠራተኞች በሽታ በጻፈው መጽሐፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1713 በታተመው እትም ላይ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲጽፍ ኖሮ ቀኝ እጁ ስለ ሰለለበት አንድ ጸሐፊ ይተርካል፤ ሰውዬው በግራው መጻፍ ቢለምድ ብዙ ሳይቆይ ግራውም ታመመ። የዓለም ሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 ባሻሻለው የሥራ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ይህን የአንጓ ነርቭ ሕመም በስሙ አስገብቶታል። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ አንድ አዋቂ ወንድ ሠራተኛ ከ55 ኪሎ በላይ እንዳይሸከም መክሯል። ለውጭ አገር የሚላከው የቡና ከረጢት 60 ኪሎ ነው፤ ኩንታል ደግሞ 100።

ሕጋችንስ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን ከሥራ ላይ አደጋ ጋር እኩል ጉዳት ብሎታል። በሠንጠረዡ ያልተጻፈ በሽታም ቢሆን ከሥራው የመጣ መሆኑን ማስረዳት ይፈቀዳል። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ሠራተኛው ለጊዜው መሥራት ሲያቅተው ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 ከመቶ ያላነሰ፣ ለተከታዮቹ 6 ወራት ከ50 ከመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። በጡረታ ወይም በመድን ያልተሸፈነ ሠራተኛ ለዘለቄታው ፈጽሞ መሥራት ካልቻለ የ5 ዓመት ደመወዙን ያገኛል፤ ጉዳቱ ከፊል ከሆነ በመጠኑ ይታሰባል። በወር 3,000 ብር የሚከፈለው ሰው እጁ 20 ከመቶ ተጎድቷል ቢባል ሒሳቡ 36,000 ብር ይመጣል ማለት ነው።

እንግዲህ ሕጉ አለ፤ የጎደለው ወረቀት ነው። የሱቅ ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ የሚቀጠረው በቃል ነው፤ አንዳንዱም የባለሱቁ የእኅት ልጅ ነው፤ አጎቱን መክሰስ ነውር ይመስለዋል። አዋጁ ግን የቃል ውልንም ያጸናል፤ አሠሪውም በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር ጽፎና ፈርሞ እንዲሰጥ ያዛል። ከዚህ ሌላ ልዩ ጊዜ ያልተወሰነለት የሥራ ክስ በ1 ዓመት በይርጋ ይቀራል። ድንዛዜው የጀመረበትን ቀን ያልጻፈ፣ ሐኪም ዘንድም ሳይቀርብ የቆየ ሰው በዚህ ላይ ይሰናከላል።

ባለሱቁን ጨካኝ ነው ለማለት አንደፍርም። ትንሽ ሱቅ ያለው ሰው ድንገት 36,000 ብር አምጣ ቢባል የሸቀጡን ገንዘብ መንካቱ አይቀርም። ይሁን እንጂ ቋሚ ሠራተኛውን በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት አስመዝግቦ የራሱን 11 ከመቶ፣ የሠራተኛውን 7 ከመቶ በየወሩ ቢያስገባ ሸክሙ በእርሱ ላይ ብቻ አይወድቅም ነበር። ኩንታሉን ለሁለት ሰው ማሸከም፣ አንድ የእጅ ጋሪ መግዛት፣ ሚዛኑን እጅ ሳይጠመዘዝ በሚደርስበት ቦታ ማስቀመጥ ደግሞ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም።

ይህን የምታነቡ ወጣት ሹማምንት ነገ በሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪነት ወይም በችሎት ጸሐፊነት ትቀመጡ ይሆናል። ተማሪዎችም ብትሆኑ በዕረፍት ጊዜያችሁ በዘመድ ሱቅ የምትሠሩ ጥቂት አትሆኑም። አንድ ሠራተኛ እጁን እያራገፈ ወደ ጠረጴዛችሁ ሲቀርብ አስቀድማችሁ የትኞቹ ጣቶች እንደሚደነዝዙ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነ፣ በቀን ስንት ጆንያ እንደሚያነሣ ጠይቃችሁ ጻፉለት። የሥራ ክርክር ለሚያቀርብ ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ እንደሌለበትም ንገሩት። ሐኪሙም በካርዱ ላይ «እጁን ያመዋል» ብሎ ከመተው የታካሚውን ሥራና ሥራው ለሕመሙ ያለውን ድርሻ በአንድ መስመር ቢጽፍለት፣ የጉዳቱን መጠን የሚወስነው የሕክምና ቦርድ የሚነሣበት ነገር ያገኛል።