ቀላል ጣራ ወደ ላይ ይወድቃል



ወደ መካነ ሰላም የሄደ ሰው ቀና ብሎ ጣራዎቹን ይመልከት። ነፋስ እንዳያነሣው ድንጋይ የተጫነበት ቆርቆሮ አይጠፋም። ባለቤቱን አንወቅሰውም። የሚወቀሰው ዲግሪ ይዞ ከድንጋይ የተሻለ መላ ያላመጣለት ነው።

ነገሩ በቁጥር ይታይ። ውፍረቱ 0.4 ሚሊሜትር የሆነ ቆርቆሮ በካሬ ሜትር 4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በሰኮንድ 30 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ግን በደጋው ስስ አየር እንኳ በካሬ ሜትር 40 ኪሎ ያህል ኃይል አለው። ጣራውን ከላይ ይስበዋል፤ ከክፈፉ ሥር ገብቶም ያነሣዋል። ከባድ ጣራ ወደ ታች ይወድቃል፤ ቀላል ጣራ ወደ ላይ ነው የሚወድቀው።

እንግዲህ የክፈፉን ርዝመት ማን ይወስን? አርክቴክቱ የጭቃውን ግድግዳ ከዝናብ ለማዳን ያስረዝመዋል። መሐንዲሱ ነፋሱን ፈርቶ ያሳጥረዋል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ብቻቸውን ሲወስኑ ግን ሁለቱም ይሳሳታሉ። እኛ የምንማረው አንዱ ሥሎ ከጨረሰ በኋላ ለሌላው «አስላልኝ» ብሎ መላክን ነው!

የቦረና ጎጆ ሠሪ እንዲህ አይሠራም። ጣራውን ሲያሾለው ዝናቡንም ነፋሱንም አስቦ ነው፤ ማገሩን በልጥ ሲጠፍረውም መልኩንና ጥንካሬውን አይለያይም። ወደ ሣር ክዳን እንመለስ አላልንም፤ ወደ አስተሳሰቡ እንመለስ እንጂ።

«አንድ ሰው ሁለት ሙያ አይችልም» የሚሉን አሉ። ማን ጠየቀ? እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1972 ለሙኒክ ኦሊምፒክ የተዘረጋውን የገመድ መረብ ጣራ አርክቴክቶቹ ቤኒሽና ፍራይ ኦቶ ከመሐንዲሱ ከሊዮንሃርት ባልደረቦች ጋር ነው የሠሩት። የተወጠረ ገመድ ቅርጹን የሚያገኘው ከሚስበው ኃይል ስለ ሆነ፣ መጀመሪያ ሥሎ ኋላ ማስላት አይቻልም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት እነርሱ በብረት ገመድ አሳዩት።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ሁለቱ ክፍሎች በየዓመቱ አንድ የጋራ ሥራ ይኑራቸው፤ ይኸውም በባሕር ዛፍና በቆርቆሮ የሚሠራ የአንድ መማሪያ ክፍል ጣራ ነው። ማርኩ ለሁለቱም አንድ ይሁን። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ግቢ አለው፤ ጣራው እዚያው ይሠራና በገመድ ወደ ላይ ተስቦ ይፈተን። ከተነቀለም ባዶውን ሳለ ይነቀል፤ ሕፃናት ከሥሩ ከተቀመጡ በኋላ ግን አይሁን።