በእኛ ፊልም ድሃ ወጣት ወይ ይሞታል ወይ ይሸለማል

ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. የመን፣ አብያን ጠረፍ ላይ ስደተኞች የጫነች ጀልባ ሰጠመች። ከ90 በላይ ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ የእኛ ልጆች ነበሩ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ፤ ሁሌም አንድ ዓይነት ነውና። ሻማ፣ ጥቁር ፎቶ፣ ከኋላ ዋሽንት፣ የምታለቅስ እናት። ሳምንት ሁለት ሳምንት እናለቅሳለን። ከዚያ ወደ ሌላ ወሬ እናልፋለን።

ይህ መንገድ በእኛ ደጅ ነው የሚያልፈው። ከሐረርጌ ገጠርም ሆነ ከመሐል አገር የተነሣ ስንቱ ልጅ ድሬ ዳዋን ረግጦ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። በረሃውን በእግሩ ያቋርጣል፣ ኦቦክ ላይ ጀልባ ይጠብቃል፣ የመን ከገባ ደግሞ ሳዑዲን ያልማል። እኛ ዝም ካልን ማን ይናገር?

ዛሬ የምከሰው ደላላውን አይደለም። ደላላውን ሁሉም ይከሰዋል። የምከሰው ዘፋኙን፣ ድራማ ጸሐፊውን፣ ዩቲዩበሩንና የሙያ ባልደረቦቼን ነው። ክሱም ይህ ነው፤ ኪነ ጥበባችን ለተቸገረ ወጣት የሰጠው ሁለት ቦታ ብቻ ነው። ወይ ይሞትና ይለቀስለታል፣ ወይ በተአምር ያልፍለትና ይጨበጨብለታል።

ፊልሙን አስታውሱ። ሊስትሮው ጎበዝ ነው፣ ቅን ነው፣ አንድ ቀን ሀብታም ሰው ያገኘውና ያስተምረዋል። ወይም ድሃው ልጅ የሀብታም ልጅ ይወዳል፤ መጨረሻው ሠርግ ነው። ዘፈኑን አስታውሱ። ስደተኛው ባሕር ዳር ተንበርክኮ እናቱን ይጣራል። ዩቲዩቡማ አይነሣ! ማይክ አፉ ሥር ደቅኖ የጎዳናውን ልጅ «እናትህ ስትሞት ምን ተሰማህ?» ይለዋል፤ እንባው እስኪመጣ አይለቀውም። እንባው ሲመጣ ካሜራው ይጠጋል። ታምኔሉ እሱ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ልጅ የት ገባ? አሸዋ ገበያ ጭነት የሚያወርደው፣ ታይዋን በር ላይ ስልክ የሚጠግነው፣ በሰው ባጃጅ ከከዚራ ሳቢያን ሲመላለስ የሚውለው? እሱ ይቀልዳል፣ ይሳደባል፣ ይዋሻል፣ ያፈቅራል። በርጫ ላይ ከተቀመጠ ዓለምን ያስተዳድራል። ከሁሉም በላይ ግን ያሰላል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ባጃጁ የሰው ነው። በየቀኑ ለባለቤቱ የሚገባ ገንዘብ አለ፣ ቤንዚን አለ፣ ጎማ አለ። የተረፈችው ለቤት ኪራይ ትሄዳለች። በዚህ አካሄድ የራሱን ባጃጅ ለመግዛት ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት ከእኔም ከእናንተም የተሻለ ያውቃል። በሌላ በኩል የጎረቤቱ ልጅ ከጅዳ ብር ልኮ የእናቱ ቤት ቆርቆሮ ሲቀየር በዓይኑ አይቷል። ባሕሩ ሰው እንደሚበላም ያውቃል፤ ከሰፈሩ የተበላ አለ። ሁለቱን አመዛዝኖ ነው የሚነሣው።

ኪነ ጥበቡ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። «ባሕር ይገድላል» ብሎ ይዘፍንለታል። ያወቀውን! የማያውቀውን ግን አይነግረውም። ደላላው «አሁን ሂድ፣ ስትደርስ ትከፍላለህ» ያለው ዕዳ የመን ላይ ምን እንደሚሆን አይነግረውም። እንደሚታገት፣ እናቱ ጩኸቱን በስልክ እንደምትሰማ፣ ቤተሰቡ ከብቱን ሸጦና ተበድሮ ማስለቀቂያ እንደሚልክ አይነግረውም። ከዚያ ተርፎ ሳዑዲ ድንበር ቢደርስ ደግሞ ጥይት አለ፤ ሂውማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን መግደላቸውን ዘርዝሯል። ከዚህ ሁሉ ስንት ድራማ ወጣ? የቴዎድሮስ ተሾመ «ሦስት ማዕዘን» በ2005 ዓ.ም. በሜክሲኮ በኩል አሜሪካ ሊገቡ የሚጓዙ ልጆችን ተከትሎ ነበር። በእኛ ደጅ ለሚያልፈው መንገድ ግን የዚያን ያህል የተደከመበት ፊልም አላየሁም። የዕዳው ስሌት ብቻውን እኮ አንድ ሙሉ ታሪክ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበርንም። አቤ ጉበኛ በ1950ዎቹ «አልወለድም»ን ሲጽፍ ባለታሪኩ ገና በእናቱ ማሕፀን ሳለ ወደዚህ ዓለም አልመጣም ብሎ ይሟገታል። ይሟገታል እንጂ አያለቅስም። መጽሐፉም ታገደ። አልቃሻን ማን ያግዳል? ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርም የውቤ በረሃን ሴቶች ሲጽፍ ቀልዳቸውን፣ ቅናታቸውንና ሒሳባቸውን ይዘው ነው የመጡት።

«ለቅሶ እኮ ገንዘብ ያመጣል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። በኅዳር 1977 ዓ.ም. ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር ባንድ ኤይድን አሰባስበው ስለ ረሃባችን ሲያዘፍኑ ብዙ ሚሊዮን ፓውንድ ተሰብስቧል፤ በዚያ የዳነ ሰው አለ። ዋጋው ግን ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያዊ ሕፃን ሲባል ዝንብ የወረረው ፊት ብቻ የሚታየው ትውልድ ማፍራቱ ነው። ዘፈኑ 40 ዓመት ሲሞላው በኅዳር 2017 ዓ.ም. በአዲስ ቅንብር ሊወጣ ሲል፣ ኤድ ሺራን ከዓመታት በፊት የቀዳው ድምፁ ዳግም እንዲገባ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ እንደማይፈቅድ ተናገረ። ፈረንጁ እንኳ ሲያፍርበት እኛ ያንኑ ካሜራ ተቀብለን በገዛ ልጆቻችን ላይ ደቀንነው።

«ኪነ ጥበብ ማስተማር አለበት» የሚልም አለ። ያስተምር! «የቀን ቅኝት» በ1990ዎቹ አጋማሽ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ስለ ኤችአይቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ሲያስተምር አድማጩ በሺዎች የሚቆጠር ደብዳቤ ጽፎለታል። ሰው ለትምህርት ብሎ ብቻ ሬዲዮ ሥር ተሰብስቦ አይጠብቅም፤ ሰዎቹ ቀጥሎ ምን ይሆኑ ይሆን ብሎ ነው የሚጠብቀው። ዛሬ በድርጅት ገንዘብ የሚሠራው አብዛኛው የ«ግንዛቤ ማስጨበጫ» ድራማ ግን እግር አውጥቶ መድረክ ላይ የቆመ ባነር ነው።

ይህ የኪነ ጥበብ ሰዎች ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ልጁን የተታለለ የዋህ አድርገህ ከሣልከው መድኃኒቱ ሥልጠና ይሆናል፤ አዳራሽ፣ ቲሸርት፣ አበል፣ ሻይ በብስኩት። የሚያሰላ ሰው አድርገህ ከሣልከው ግን ጥያቄው ወደ ደመወዝ ይዞራል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በወር ስንት ይከፍላል? የቤት ኪራይ ከዚያ ስንቱን ይወስዳል? በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የነፃ ንግድ ቀጠና ለገንደ ቆሬ ልጅ ምን አመጣለት? ድሮ ባቡሩና ጣቢያው ያበላው የነበረው ሰውስ ምን ላይ ወደቀ? ሹመኛ ለለቅሶ ዘፈን የሚያጨበጭበው ለዚህ ነው። ለቅሶ ደመወዝ አይጠይቅም።

ሌላ መንገድ አለ፤ ለዚህም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1950ዎቹ እዚሁ ድሬ ዳዋ ጥቂት ወጣቶች አፍራን ቀሎ የሚባል የሙዚቃ ቡድን አቋቋሙ። በኦሮምኛ በአደባባይ መዝፈን በማይወደድበት ዘመን በየሠርጉ ዘፈኑ። መንግሥት አልወደዳቸውም፤ ቡድኑም ተበተነ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የተቀላቀላቸው አሊ ቢራ ግን ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ ዘፈነ። እነዚያ ልጆች የሚያለቅስላቸው ሰው አልጠበቁም። ስለ ራሳቸው ራሳቸው ተናገሩ።

በቅርቡ ደግሞ ሐረር ያደገችው ጄሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ»ን ሠራች። ለአሥር ዓመት ያህል እየተመላለሰች ጫት የሚለቅሙትን፣ የሚያስሩትን፣ የሚጭኑትን ቀረጸች። ሙሐመድ የሚባለው ልጅ ልሂድ ልቅር እያለ ሲያመነታ እንባውን የሚጠይቀው ማይክ የለም። ፊልሙ በ2013 ዓ.ም. ሰንዳንስ ላይ ታየ፤ ለኦስካርም በዘጋቢ ፊልም የመጨረሻዎቹ 15 ውስጥ ገብቶ ነበር። እኔ ቅሬታ አለኝ፤ ጭሱና ፍዝዝታው አንዳንዴ ችግሩን ያስውበዋል። ቢሆንም ልጁ እዚያ ውስጥ ያስባል። ከእኛ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የተሠራውን ይህን ፊልም ድሬ ውስጥ ስንቶቻችን አየነው?

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ለግንዛቤ ድራማ በጀት የሚመድብ ቢሮ ስክሪፕቱን ከመቀበሉ በፊት ከሳዑዲ ለተመለሰ አንድ ልጅ ያስነብብ፤ ለአማካሪነቱም እንደ ባለሙያ ይክፈለው። ዩቲዩበሩ ስለ ሞተችው እናት ከመጠየቁ በፊት «ምን ትሠራለህ? ስንት ይከፍሉሃል? ስንት ይተርፍሃል?» ብሎ ይጠይቅ። ዘፋኙ የጀመረውን ስንኝ ባጃጅ ለሚነዳ ልጅ ያሰማውና ልጁ ከሳቀበት ይቅደደው።

የሚቀጥለው ጀልባ መቼ እንደሚሰጥም አናውቅም። የሚዘፈንበትን ዘፈን ግን ከአሁኑ በቃላችን እናውቀዋለን።

የማትስማሙ ከታች ጻፉ፤ እንከራከር።