ለቤይሩት ጎተራ ተጠያቂዎች

ለሊባኖስ ሚኒስትሮች፣ ለወደቡና ለጉምሩኩ ሹማምንት፣ ለጸጥታ አዛዦች፦

ሐዘን ላይ ነኝና ሰላምታው ይቆየን። ከተማችሁ ውስጥ ሰው ቤት ተቀጥረን ከኖርነው ኢትዮጵያውያን ሴቶች አንዷ ነኝ። ወደቡ ላይ ስለነበረው የእህል ጎተራ ልጀምር፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሥራውን በአግባቡ የሠራው እሱ ነውና።

ጌጥ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1970 በኩዌት ብድር፣ በቼኮዝሎቫኪያ ኩባንያ የተገነባ፣ 48 ሜትር የሚረዝም ነጭ ኮንክሪት። ክብ ማማዎቹ በሦስት ረድፍ ተጣብቀው ቆመው ነበር። እህል ሲከማች ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋል፤ ክብ ግድግዳ ያንን ግፊት በዙሪያው ያዳርሰዋል፤ ማዕዘን ቢኖረው ጫናው እዚያ ይበዛ ነበር። 120,000 ቶን ይይዝ ነበር። የእርስ በርስ ጦርነታችሁን ቆሞ አሳልፏል። ስንዴያችሁን አብዛኛውን ከባሕር ማዶ ስለምታስመጡ፣ ማዳም ቤት ያቦካነው ዱቄትና በሻይ የበላነው ኹብዝ (ዳቦ) በዚያ በር ያለፈ ነው።

ከዚህ ጎተራ አጠገብ ምን አስቀመጣችሁ? እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ሮሱስ የምትባል መርከብ ይዛው የመጣችውን 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት የተባለ ሊፈነዳ የሚችል ኬሚካል። በቀጣዩ ዓመት መጋዘን ቁጥር 12 ውስጥ አራገፋችሁት። አላወቅንም እንዳትሉ፣ ጉምሩክ ለዳኞች ደጋግሞ ጽፏል፤ ፍንዳታው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ደግሞ ማስጠንቀቂያው ፕሬዚዳንቱና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዘንድ ነበር። ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ስድስት ዓመት አለፈ። (ለእኛ የመኖሪያ ፈቃድ አንድ ቀን ሲያልፍ ግን ወዲያው ታውቃላችሁ።)

ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ግድም መጋዘኑ ፈነዳ። እሳት ሊያጠፉ የተላኩት 10 የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጋዘኑ ውስጥ ምን እንዳለ የነገራቸው አልነበረም፤ ሁሉም ሞቱ። የጎተራው ምሥራቃዊ ረድፍ ደቀቀ፣ መካከለኛው ተጎዳ፣ ምዕራባዊው ቆሞ ቀረ። ከኋላው ያለውን የከተማ ክፍል በከፊል እንደጋረደው መሐንዲሶች ይናገራሉ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ከእነሱ ውስጥ ሶርያውያን፣ ባንግላዴሻውያን፣ ፊሊፒናውያን አሉ፤ የእኛም ሰው አለ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት እኮ ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው አሠሪዎች እህቶቻችንን ከነሻንጣቸው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ እያራገፉ ይሄዱ ነበር። አስፋልት ላይ ያደረች ልጅ ስትሞት ማን ይፈልጋታል? የማንን ስም ይዞ?

በ2014 ዓ.ም. ክረምት ጎተራው ውስጥ የቀረው እህል በሙቀት ተብላልቶ ተቀጣጠለ። ሳምንታት ሲጨስ አያችሁ። ሐምሌ 24 ቀን ሰሜናዊው ክፍል መናድ ጀመረ፤ ሐምሌ 28፣ የሟቾች ቤተሰቦች ሁለተኛ ዓመት መታሰቢያ ላይ ሳሉ፣ ሌላው ማማ ዓይናቸው እያየ ወደቀ። ቤተሰቦቹ እንዳይፈርስ እየለመኑ ሳለ ካቢኔያችሁ አስቀድሞ፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ፣ ይፍረስ ብሎ ወስኖ ነበር። ለማፍረስ ይህን ያህል የፈጠነ መንግሥት ለምርመራው ሲሆን እግሩ ታሰረ፦ የመጀመሪያው መርማሪ ዳኛ ተነሣ፤ ሁለተኛው የጠራቸው ሹማምንት ክስ እያከታተሉ ሥራውን አስቆሙበት፤ ይባስ ብሎ እሱ ራሱ ተከሰሰ።

ስለዚህ የምለምናችሁ አጭር ነው። የቀረውን ደቡባዊ ክፍል ሳይናድ ደግፉት። የሟቾቹ ስም የሚጻፍበት ቦታ ሁሉ ኢትዮጵያዊቷም፣ ባንግላዴሻዊውም በሙሉ ስማቸው ይጻፉ፤ “የውጭ ዜጋ” ተብለው አይታለፉ። ዳኛው የጠራችሁ ደግሞ ያለመከሰስ መብታችሁን ቤት ትታችሁ ቅረቡ፤ መጋዘን ቁጥር 12 ውስጥ ያለውን ማን እንዳወቀ፣ መቼ እንዳወቀና ለምን እንዳላነሣው ተናገሩ።