የእድሩ ድንኳን ለገና ይተከል

የላሊበላ ሰዎች ሆይ! ገና ደረሰ። ከዋግ፣ ከጎጃም፣ ከጎንደር ምዕመኑ በሶውን ቋጥሮ፣ በትሩን ጨብጦ ሊነሣ ነው። ብዙው ቀናት በእግሩ ተጉዞ ነው የሚደርሰው።

አባቶቻችን ይህን እንግዳ እንዴት ይቀበሉት እንደነበር ታውቃላችሁ። ሽማግሌው ደጃፍ ላይ አረፍ ሲሉ የሞቀ ውኃ በገበቴ ይቀርባል። የቤቱ ልጅ ጎንበስ ብሎ ጫማቸውን ያወልቃል። ተረከዛቸው ተሰነጣጥቋል፤ የመንገዱ አቧራ ከስንጥቁ ውስጥ ገብቷል። ልጁ በአውራ ጣቱ ቀስ እያለ ያሻል፤ እሳቸውም እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው ይመርቁታል። ከዚያ ንፍሮ ይቀርባል፣ ጠላ ይቀዳል። ሒሳብ የሚባል ነገር የለም።

ወጉ አልጠፋም። ዛሬም እግር የሚያጥቡ ወጣቶች አሉን፤ እግዜር ይስጣቸው። ሸክሙ ግን የጥቂቶች ሆኗል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የታኅሣሥ ብርዷን ማንም አይነግረንም። በዋዜማው ሌሊት ሕፃን ታቅፋ ሜዳ ላይ የተኛችን እናት አልፈን እንዴት ቤታችን እንገባለን?

የኮሮና ወረርሽኝና ጦርነቱ ቱሪስቱን ሲያስቀሩብን ኪሳችን መራቆቱን አውቃለሁ። አልጋ የሚያከራይም ልጆች አሉት፤ አልፈርድበትም። ያለው ከፍሎ ይደር። የገናውን ዝማሬ ቤዛ ኩሉን በቤተ ማርያም ሊሰማ ብሎ ባዶ እጁን የመጣው ግን የእኛ እንግዳ ነው።

እድሮቻችን ድንኳን አላቸው፤ ትልልቅ ብረት ድስት አላቸው። ለሐዘን ያዋጣነው ዕቃ ለበዓሉም ይውጣ! ከዋዜማው ሦስት ቀን ቀድሞ በየሰፈሩ ድንኳን ይተከል፣ ገለባ ይጎዝጎዝ፣ ውኃ በበርሜል ይሞላ። ባጃጅ ያላችሁ አቅመ ደካሞችን በነፃ አድርሱ። መጸዳጃ ቤት ያላችሁ በራችሁን ክፈቱ፤ ይህን ጮክ ብዬ የምናገረው ሴቶቹ ከረሃቡ ይልቅ በዚህ ሲሠቃዩ ስላየሁ ነው። አዲስ አበባና ባሕር ማዶ ያላችሁ የላስታ ልጆችም ለንፍሮው የባቄላ መግዣ ላኩ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ በየእድራችሁ ተሰብሰቡ። ማን እንደሚያበስል፣ ማን ውኃ እንደሚቀዳ፣ ማን ስንት ሰው እንደሚያሳድር ይጻፍ። እኔ ቤት ስድስት ሰው ያድራል፤ ከወዲሁ መዝግቡልኝ።