ፈረሱ ቁጡ አይደለም፣ አፉ ቆስሎ ነው

በጎንደርና በዙሪያው ደጋ ፈረስ ሲወደስ ከሚሰሙት ቃላት ቀዳሚው «ቁጡ ነው» የሚለው ነው። በጥምቀት ሰሞን አንገቱን ወደ ሰማይ የሰቀለ፣ አረፋ የሚደፍቅ፣ መቆም እምቢ ብሎ ባለበት የሚረግጥ ፈረስ ብቅ ሲል ሕዝቡ መንገድ ይለቅለታል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ ወጣቱ ስልኩን ያወጣል። ጋላቢውም ጭብጨባውን ሲሰማ ዛቡን ሳብ ያደርጋል፣ ፈረሱ ይበልጥ ይንቀጠቀጣል፣ እልልታውም ይጨምራል። በዚህ ሁሉ መሐል የፈረሱን አፍ ከፍቶ የሚያይ የለም። ቢያይ ኖሮ ያደነቀው ነገር ወኔ ሳይሆን ሕመም መሆኑን ይረዳ ነበር።

የአገራችንን ልጓም እጁ ላይ ይዞ ላገላበጠ ሰው ነገሩ አያከራክርም። አፍ ውስጥ ከሚገባው ብረት መካከል ወደ ላንቃ ሽቅብ የሚወጣ ጉብታ አለ፤ ከእሱ የተያያዘው የብረት ቀለበት ደግሞ በታችኛው መንጋጋ ዙሪያ ይጠልቃል። ዛቡ ሲሳብ ጉብታው ላንቃን ይወጋል፣ ቀለበቱ አገጭን ይጨምቃል። ብረቱ የሚያርፈው በፊት ጥርስና በመንጋጋ ጥርስ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ ነው፤ እዚያ ያለው ስስ ድድ ነው፣ ከሥሩ አጥንት። እንዲህ ያለ ልጓም ጦርና ጋሻ ይዞ ለሚዋጋ፣ ፈረሱን በጣት ጫፍ ለሚያዝዝ ሰው የሚመች ነው። በለዘበ እጅ ከተያዘ ፈረሱን ብዙ አያስቸግረውም። ዛሬ ግን አብዛኛው ጋላቢ በዓመት ሁለትና ሦስት ቀን ኮርቻ ላይ የሚወጣ ነው። ሚዛኑን በጭኑና በወገቡ መጠበቅ አልተማረም፤ ስለዚህ ላለመውደቅ ዛቡ ላይ ይንጠለጠላል። የሰውዬው ሙሉ ክብደት የሚያርፈው እዚያ ስስ ድድ ላይ ነው። ፈረሱ ከብረቱ ለመሸሽ ራሱን ይሰቅላል። እኛም «ቁጡ ነው» እንላለን።

ይህን ስናገር «አባቶቻችን በዚሁ ልጓም አይደል እንዴ ዓለምን ያስደነቁት?» የሚለኝ አይጠፋም። የፈረሰኛ ዘር መሆናችንን ማንም አይነፍገንም። አፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ አፄ ዮሐንስ «አባ በዝብዝ»፣ አፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» እየተባሉ በፈረስ ስማቸው ተጠርተዋል። ጎንደር ውስጥ የአፄ በካፋ የፈረስ ቤት ፍርስራሽ እስከ ዛሬ በፋሲል ግቢ አለ፤ ከፋሲል መዋኛ አጠገብ ያለው ጉልላት ያለበት ትንሽ ሕንፃም ዞብል የተባለ የንጉሥ ፈረስ መቃብር እንደሆነ ይነገራል። ለፈረስ መቃብር አሠራች የምትባል ከተማ ዜጎች ነን። ግን አባቶቻችን ከፈረስ ጋር ያደረጉትን እንይ። ባላባቱ ዘመቻ ሲወጣ የሚቀመጠው በቅሎ ላይ ነበር። ፈረሱ ያለ ጋላቢ፣ በአሽከር እጅ እየተሳበ ይከተል ነበር፤ ጉልበቱ ለፍልሚያው እንዲቆይለት። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለው ተረት እንኳ የፈረስን ልክ የሚያውቅ ሰው የተናገረው ነው። በቤተ መንግሥት ደግሞ ባልደራስ የሚባል ሹም ነበረ፤ ሥራው ፈረሶቹን መጠበቅ፣ መቀለብ፣ ማሠልጠን። እኛ ከዚህ ሁሉ የወረስነው የመጨረሻዋን ግልቢያ ብቻ ነው። በቅሎዋን፣ አሽከሩንና ባልደራሱን ትተናቸዋል።

ፈረስን በጉልበት ማንበርከክ ጥበብ ነው የሚለው ሐሳብ የእኛ ብቻ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ከጎንደር ወደ ግሽ ዓባይ ሲጓዝ ከጦር አለቃው ዋረኛ ፋሲል ሰፈር ያልተገራ ፈረስ ቀርቦለት፣ እስኪዝል ድረስ አጋልቦ እንዳስገበረው በኩራት ጽፏል። ተመልካቹ ተደንቋል ይላል። ይደነቅ። የዛለ ፈረስ ይታዘዛል፤ የሚታዘዘው ግን እስኪያርፍ ድረስ ነው። በማግስቱ በልቶ ጠጥቶ ሲነሳ የሚያስታውሰው የትናንቱን ሥቃይ እንጂ ትምህርት አይደለም፣ ምክንያቱም ያስተማረው የለም።

ወደ ጉግስ ልምጣ። ጉግስ ሽምጥ መጋለብ ብቻ የሚመስለው ያላየው ነው። ጥበቡ ያለው መታጠፉ ላይ ነው። ሸሺው ዘንጉን በጋሻው መክቶ በቅጽበት ዞሮ አሳዳጅ ይሆናል፤ አሳዳጁም እንዲሁ ታጥፎ ማምለጥ አለበት። ፈረስ በሽምጥ ላይ እያለ ለመታጠፍ የኋላ እግሮቹን ከሆዱ ሥር አስገብቶ ክብደቱን እነሱ ላይ መጣል፣ ጀርባውን ከፍ ማድረግ፣ አንገቱን ማለዘብ ይኖርበታል። ራሱን ከልጓም ሕመም ሽቅብ የሰቀለ ፈረስ ይህን ማድረግ አይችልም። ጀርባው ይሰረጉዳል፣ ክብደቱ የፊት እግሮቹ ላይ ይቀራል፣ ለመዞር እንደ ተሳቢ መኪና ሜዳውን ሁሉ ይፈልጋል። በሜዳችን የምናየው መታጠፍ አብዛኛው እንዲህ ያለ ነው፤ ጭብጨባው ግን አይቀንስም።

አሜሪካኖች ከጉግሳችን ጋር በመታጠፍ የሚመሳሰል ውድድር አላቸው፤ በርሜል ዙር እንበለው። ሦስት በርሜሎች በሦስት ማዕዘን ይቆማሉ፤ በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል 27 ሜትር፣ ከሁለቱ እስከ ሦስተኛው 32 ሜትር ያህል ይለካል። ጋላቢዋ፣ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸውና፣ እያንዳንዱን በርሜል ዞራ በሽምጥ ወደ መጣችበት ትመለሳለች። በርሜል የጣለች 5 ሰከንድ ይደመርባታል። ለእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ሲባል ደህና አሠልጣኝ ፈረሱን ወራት ሙሉ በርሜሎቹን በእርምጃ ያዞረዋል፤ ከዚያ በሶምሶማ፣ ከዚያ በደንገላሳ። ሽምጡ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሻርሜን ጄምስ የተባለች ልጅ ስካምፐር የተባለ ፈረስ በ1,100 ዶላር ገዝታ እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1993 ዐሥር ጊዜ በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። እ.ኤ.አ. በ1985ቱ የፍጻሜ ውድድር፣ ከምሽቶቹ በአንዱ፣ ልባቡ ተበጥሶ ልጓሙ ወለቀ። ፈረሱ አፉ ውስጥ ምንም ብረት ሳይኖር ሦስቱንም በርሜል ዞረ፤ የዚያን ምሽት ዙርም አሸነፈ። እዚያም የሚደበድብ፣ ፈረሱን ያለ ዕድሜው የሚሰብር ጋላቢ ሞልቷል፤ አሜሪካን ለማመስገን አልመጣሁም። ነገር ግን ልጓሙ ቢወልቅ የሚታጠፍልን ፈረስ በጉግስ ሜዳችን ስንት አለ?

ከአፉ የሚብሰው ግን የዓመቱ አኗኗር ነው። ፈረሱ ዓመት ሙሉ ወይ ችካል ላይ ቆሞ ጭድ ሲበላ ይከርማል፣ ወይ ጋሪ ይጎትታል። በዓሉ ሲቃረብ ጌታው ያስታውሰዋል። ገላው ይታጠባል፣ ጋማው ይበጠራል፣ ግላስና መጣምር ይለብሳል፣ ገብስም «ጉልበት እንዲሆነው» በቁና ይሰጠዋል። ይህ ደግነት ይመስላል፤ አደጋ ነው። የፈረስ ጨጓራ ለአካሉ ትንሽ ነው፣ ማስታወክም አይችልም። ጭድ የለመደ ሆድ ድንገት ብዙ ገብስ ሲገባበት እህሉ ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርድና ይብላላል፤ ከዚያ የሆድ ቁርጠት ይከተላል፣ ወይም ኮቴው ውስጥ ያለው ሥጋ ይቃጠልና ፈረሱ እሳት እንደረገጠ ያነክሳል። በዚህ ሆዱ ላይ፣ ምንም ሳያሟሙቁት፣ በኮብልስቶንና በአስፋልት ላይ ሽምጥ ያስነሡታል። ልብና ሳንባ በሳምንታት ውስጥ ሥራ ይለምዳሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። በጥር 11 የተቀደደ ጅማት በሰኔም ላይሽር ይችላል።

ኮርቻውን አንሡና ጀርባውን እዩ። ከሻኛው ግራና ቀኝ፣ በዳማው ፀጉር መሐል፣ ነጫጭ ነጠብጣብ ታያላችሁ። ፈረሱ ሲወለድ አልነበረም። ኮርቻ ደጋግሞ ተጭኖት የፀጉሩ ሥር የተጎዳበት ቦታ ነው፤ ያ ምልክት ያለበት ፈረስ አንድ ጊዜ ጀርባው ቆስሎ ያውቃል። ቁስል ደግሞ ብቻውን አይመጣም። የጋሪ ፈረሶቻችንን የሚፈጅ፣ በቆዳ ሥር ባሉ ቱቦዎች እየተከተለ እንደ መቁጠሪያ ተደርድሮ የሚያብጥና የሚመግል በሽታ አለ፤ መንስኤው ፈንገስ ነው፣ የሚገባውም በእንዲህ ያለ ቁስል ነው። እንደ ጎንደር 2 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያሉ ከተሞች ለእሱ ይመቹታል። አንዴ ከተስፋፋ መዳኛው ከባድ ነው፤ መጨረሻውም በከተሞቻችን መንገድ ዳር ተጥለው የምናያቸው ፈረሶች ናቸው። የበዓሉ ፈረስና የመንገድ ዳሩ ፈረስ ብዙ ጊዜ አንድ ፈረስ ነው።

«ለሰው ገብስ በተወደደበት ዘመን ለፈረስ ማን ያስባል?» የሚለው ክርክር ይገባኛል። በወገራም ሆነ በዳባት ያለ ገበሬ ለፈረሱ ቅልብ የሚሆን ትርፍ የለውም። ሆኖም ከላይ ካነሣሁት አብዛኛው ገንዘብ አይጠይቅም። ዛብ ማላላት ነፃ ነው። ከኮርቻ ሥር ንጹሕና ደረቅ ግላስ ማድረግ፣ ከግልቢያ በኋላ ላቡ እስኪደርቅ በእርምጃ ማንሸራሸር፣ ገብሱን በእፍኝ ጀምሮ በሁለትና ሦስት ሳምንት ቀስ እያሉ መጨመር፣ ሁሉም ትዕግሥት እንጂ ብር አይፈልግም። ደባርቅ ላይ ወደ ስሜን ተራሮች ጎብኚ የሚያደርሱ ባለበቅሎዎች ይህን ከማንም ጽሑፍ ሳያነቡ ያውቁታል፤ በቅሎዋ ጀርባዋ ከቆሰለ በማግስቱ እንጀራቸው ይቀራልና። የበዓል ፈረሰኛ ግን ምንም አይቀርበትም። ፈረሱ ቢያነክስ የሚቀጥለው በዓል ዓመት ቀርቶታል።

ስለዚህ ፈረሱን መጉዳት ፈረሰኛውን ዋጋ እንዲያስከፍለው ማድረግ ነው። አዊ ላይ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል፣ አባል አለው፣ ሥርዓት አለው። በጎንደርም የፈረስ ትርኢቱን የሚያዘጋጅ ሁሉ ሜዳው በር ላይ አንድ የእንስሳት ሐኪም ያቁም፤ ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት የሚሰጥበት ከተማ ሐኪም አይጠፋበትም። አፍ ይከፈት፣ ኮርቻ ይነሣ፣ እግር ይታይ። ደም ያለበት አይገባም። በዓለም አቀፍ የረጅም ርቀት ግልቢያ ፈረሱ ካረፈ በኋላ ልቡ በደቂቃ ከ64 ጊዜ በላይ እየመታ ከቀጠለ ከውድድር ይወጣል፤ ይህን ለመቁጠር አንድ ሰዓትና አንድ ጆሮ ይበቃል። ዳኛው የሚሸልመውም አረፋ የሚደፍቀውን ትቶ በላላ ዛብ የሚታጠፈውን ይሁን። በመጀመሪያው ዓመት ፈረሰኛው ይቆጣል፣ «ባህላችን ተነካ» ይባላል፣ ምናልባት ግማሹ ከበር ይመለሳል። ቢመለስም በዓሉ አይጎድልበትም፤ ታቦቱ የሚሄደው በካህናት ራስ ላይ ነው።