ላባ የረሃብን ቀን አይረሳም



ዶሮ ለእንቁላልና ለሥጋ እንደሚረባ ሁላችንም እናውቃለን። ለላባው ብቻ የሚቀለብ አውራ ዶሮ መኖሩን ግን ስንቶቻችሁ ሰምታችኋል? በሰሜን እስፓኝ፣ በሌዮን ክፍለ ሀገር፣ በኩሩኤኞ ወንዝ ሸለቆ ያሉ አርቢዎች ከአባት ከአያት የወረሱት ሥራ ይኸው ነው። አውራው ለሥጋው አይታረድም፤ በዓመት ጥቂት ጊዜ የሚያብረቀርቀው የወገቡ ላባ ይነቀልና በትንንሽ እስር ተቆጥሮ ለዓሣ አጥማጆች ይሸጣል። እነርሱም ላባውን በመንጠቆ ላይ ጠምጥመው ዝንብ በማስመሰል ዓሣውን ያታልሉበታል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1624 ዓ.ም. የተጻፈው የአስቶርጋ የእጅ ጽሑፍ እንኳ ይህን የመሰለውን ላባ ያነሣል።

የዚህ ሥራ ችግሩ ምንድር ነው? አውራ ዶሮ እንቁላል አይጥልም፤ ግን በየቀኑ ይበላል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2022 ዓ.ም. ሩስያ በዩክሬን ላይ ጦር ባዘመተች ጊዜ የስንዴና የበቆሎ ዋጋ በዓለም ገበያ ናረ፤ ከዩክሬን ብዙ በቆሎ ትገዛ የነበረችው እስፓኝም ጭንቁን ቀመሰች። ላባ ሻጭ ግን እንደ እህል ነጋዴ በማግሥቱ ዋጋ መጨመር ይከብደዋል፤ ላባው ለገዢው መዝናኛ እንጂ ቀለብ አይደለምና።

በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚታሰበው መኖ መቀነስ ነው። እኔም ሞክሬዋለሁ። በግቢዬ ለማረባቸው ጥቂት ዶሮዎች መኖ ቢወደድብኝ፣ ፋጉሎውን ትቼ ፉርሽካ ብቻ ሰጠኋቸው። ያተረፍሁ መስሎኝ ነበር፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ እንቁላሉ ነጠፈ። የላባው ቅጣት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ላባ ከሞላ ጎደል ፕሮቲን ነው፤ በማደግ ላይ ሳለ ዶሮው ቢራብ በላባው ላይ አግድም ቀጭን መስመር ይቀራል፤ በዚያም ቦታ በቀላሉ ይሰበራል። ገዢው ወደ ብርሃን አንሥቶ ሲመለከተው ያን የረሃብ ቀን ያነበዋል።

እስቲ እንደ ተማሪ ቤት ሒሳብ እናስላው። አንድ አውራ በቀን 100 ግራም ያህል ቢበላ፣ 20 አውራዎች በዓመት 730 ኪሎ ይጨርሳሉ። የሁሉም መኖ በግማሽ ቢቀነስ 365 ኪሎ ይሆናል። 10 ምርጦችን ብቻ አስቀርቶ እስኪጠግቡ ቢቀልቧቸውም ወጪው ያው 365 ኪሎ ነው። በመጀመሪያው መንገድ የሚገኘው 20 የተራቡ ዶሮዎችና የሚሰባበር ላባ ነው፤ በሁለተኛው ግን 10 ጤነኞችና ለገበያ የሚቀርብ ላባ።

የሚከብደው ማስላቱ ሳይሆን መምረጡ ነው። የትኛው አውራ ምን ያህል ላባ እንደ ሰጠ በደብተር ያልጻፈ አርቢ የትኛውን እንደሚያስቀር አያውቅም፤ ስለዚህ ሁሉንም ያስርባል።

ደመወዛችሁ ከገበያው ጋር መሮጥ ያቃተው ወጣት ሠራተኞች፣ እናንተም ተማሪዎች፣ አምስት ጅምር ይዛችሁ አምስቱንም ታስርቡ እንደ ሆነ እስቲ ደብተራችሁን ግለጡ። እኔ ባለፈው ቅዳሜ አራት ዶሮዎቼን ሸጬ ለቀሩት ፋጉሎውን መልሼላቸዋለሁ።