እግር የሚሠራ ቤት እንጂ ሪባን የሚቆረጥለት ሕንፃ አንሻም

የሰው ሠራሽ አካል ምርምርና ተሐድሶ ማእከል በዩኒቨርሲቲያችን ይቋቋም የሚለው ሐሳብ በተነሣ ቁጥር፣ ወሬው የሚጀምረው ከሕንፃው ፎቅ ብዛት ነው። እኛ ግን አስቀድመን የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ እግሩ የሚሠራው ለማን ነው?

በ2013 ዓ.ም. በተነሣውና በ2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት በቆመው ጦርነት፣ በፈንጂ፣ በመኪና አደጋና በስኳር በሽታ እግራቸውን ያጡ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም። ከእነዚህ መካከል ገበሬው ጭቃ ይረግጣል፣ ዳገት ይወጣል፣ በዱካ ላይ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ለአስፋልት የታሰበ እግር ከባሕር ማዶ በስጦታ ቢመጣለት፣ አንዲት ብሎን የጠፋች ዕለት እግሩ ከአልጋ ሥር ይወረወራል፤ ሰውየውም ወደ ምርኩዙ ይመለሳል።

አንዳንድ ሊቃውንት «ይህ ከፍተኛ ሳይንስ ነው፤ አቅማችን አይፈቅድም» ይሉናል። አንቀበለውም! እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 በሕንድ አገር በጃይፑር ከተማ፣ ከትምህርት ቤት ብዙ ያልቆየው የእጅ ጥበብ ባለሙያ ራም ቻንድራ ሻርማና የአጥንት ሐኪሙ ፒ. ኬ. ሴቲ፣ ከጎማና ከእንጨት በባዶ እግር የሚያስኬድና ቁጢጥ የሚያስብል እግር ሠሩ። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴም ፖሊፕሮፒሊን የተባለውን ርካሽ ፕላስቲክ በምድጃ አሙቆ፣ በጄሶ ቅርጽ ላይ በመጠቅለል የሚሠራበትን ዘዴ ለብዙ አገሮች አዳርሷል፤ ኢትዮጵያም ከእነርሱ አንዷ ናት። እንግዲህ የጎደለው ሳይንሱ አይደለም። የጎደለው ሐኪሙ፣ መሐንዲሱና አንጥረኛው በአንድ ገበታ መቅረባቸው ነው። ቀጥቃጩን «ቡዳ» እያለ ሲንቅ የኖረ አገር፣ ዛሬ እግር ከሰው ደጅ ቢለምን ምን ያስደንቃል?

ስለዚህ ማእከሉ ሲነደፍ የሚከተለው እንዲፈጸም እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ከስብሰባ አዳራሹ በፊት ወርክሾፑ ይሠራ።

ሁለተኛ፣ ከሩቅ የመጣ ሰው ጉማጁ ተለክቶ፣ እግሩ ተሠርቶ፣ አካሄድ እስኪለማመድ ድረስ የሚያድርበት መኝታ ይኑር። እግር ሰጥቶ አካሄድ አለማስተማር ተሐድሶ አይባልም።

ሦስተኛ፣ የሚያድግ ሕፃን እግሩ ቶሎ ቶሎ ያንሰዋልና፣ የሚለካና የሚጠግን ሙያተኛ በየክልሉ ይሠልጥን።

አራተኛ፣ እግሩን የሚለብሰው ሰው ከነዳፊዎቹ ጋራ ይቀመጥ። የት እንደሚያቆስለው ከእርሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

መምህራኖቻችን ሆይ፣ የመመረቂያ ሥራችን መደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚለብስ፣ አንድ ገበሬ ይቁምበት። ጓደኞቻችን ሆይ፣ ሪባኑ እስኪቆረጥ አንጠብቅ፤ መዶሻውንና ጄሶውን ዛሬ እናንሣ!